ዘጠኝ ውታፍ

በድሪ የትምባሆ ፒፓ ይቀርጻል፤ እኔ ጭሱ የሚሳብበትን አገዳ እገጥማለሁ። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ሱቃችን ቱርክ አገር፣ ኤስኪሼሂር ከተማ፣ ኦዱንፓዛሪ ሰፈር ውስጥ ነው። ድሮ የሲራራ ነጋዴዎች ከነከብቶቻቸው ያድሩበት የነበረ ግቢ ነው፤ ዛሬ ዙሪያውን የፒፓ ቀራጮች ሱቅ ሆኗል፤ መኻሉ ላይ ሻይ ቤት አለ። በድሪ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። ፒፓ የምንሠራበት ነጭ ድንጋይ የሚቀረጸው እርጥብ ሆኖ ስለሆነ በብርድ ወራት ጣት ያደነዝዛል። እኔ መስኮቱ ሥር ነኝ። የኔ ሥራ ደረቅ ድንጋይና ብርሃን ይፈልጋል።

አንድ ሕግ ነበረን። ፊቱ የሱ፣ አንገቱ የኔ። የሱልጣን ጢም ይሁን የንስር ጥፍር፣ እሱ በቀረጸው ላይ ስለት አላሳርፍም። እሱም አገዳዬን አይነካም። የአንገቱን ቀዳዳ የሚሰረስረው ግን እሱ ራሱ ነው፤ ድንጋዩ ከመሬት እንደወጣ፣ እንደ አይብ ለስላሳ ሳለ። ከዚያ ቀርጾ ያደርቀውና ለኔ ይሰጠኛል።

ደረቁን ፒፓ ስቀበል መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አንስቼ በአንገቱ ቀዳዳ አሾልቃለሁ። ክብ ብርሃን ይታያል። ብርሃኑ መኻል ላይ ከሆነ ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ሄዷል ማለት ነው። ያኔ አንገቱን ከውስጥ ጥርስ አወጣለታለሁ፤ አገዳውን በቶርኖ አዙሬ እሱንም ጥርስ አወጣለትና አጠምዝዤ አስገባዋለሁ። አገዳው ጥብቅ ሲል ጉብጠቱ ከፊቱ ጋር መስመር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ሱልጣኑ አጫሹን ትቶ ጎረቤቱን ያያል። ቀድሞ አገዳው አምበር ከሚባለው፣ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ቢጫ ሙጫ ይሠራ ነበር፤ አሁን እንደ አምበር ቢጫ ከሆነ ፕላስቲክ ነው። ሥራው ግን ያው ነው።

ከኔ በኋላ ፒፓው የፈላ ሰም ውስጥ ይገባል። ሰም ከጠጣ በኋላ ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጤነኛ። ስንጥቁም እንከኑም ይሰወራል። ስለዚህ የቀራጭን ሥራ ራቁቱን የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አገዳ ገጣሚው ነው።

ስሜ ቬህቢ ነው፤ በድሪ ግን «ቧንቧ ሠራተኛው» ይለኛል።

«ቧንቧ ሠራተኛው! ውኃው አልደረሰም እንዴ? ሰው በጥማት ሊያልቅ ነው።»

«አንተ የሱልጣን ፀጉር ቆራጭ፣ ጢሙን ጨርስና አፉን እከፍትልሃለሁ።»

እንዲህ እየተባባልን እንውላለን። እኔ ብዙ አልናገርም። እሱ የኔንም ድርሻ ይናገራል።

ሁለታችንንም ያስተማረን ሃሊም ኡስታ ነበር፤ ኡስታ የምንለው የሙያ ጌታን ነው። ሲያረጅ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁላችንም አየን፤ ማናችንም አልተናገርንም። አንድ ቀን ሥራችንን የሚገዛው ነጋዴ ሣጥን ተሸክሞ መጣና ግቢው መኻል፣ ሻይ በሚጠጣው ሰው ሁሉ ፊት ገለበጠው።

«ኡስታ፣ እነዚህ ሱልጣኖች ናቸው ወይስ የጎመን ራስ?» አለ።

ሰው ሳቀ። ሃሊም ኡስታ ፒፓዎቹን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ሽርጡን ፈታ፣ አጠፈ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ግቢውን አልረገጠም።

ያን ቀን ምሳችንን ስንበላ በድሪ ዳቦውን አስቀመጠና «የኔ ቀን ሲመጣ አንተ ትነግረኛለህ» አለኝ። «ነጋዴው አይደለም። ሌላ ሰው አይደለም። አንተ።»

«እነግርሃለሁ።»

«ማል።»

ዳቦውን አንስቼ ሳምኩት፤ ግንባሬ ላይ አድርጌ ማልኩለት። ሁለታችንም ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላንም ነበር። እንዲህ ያለ መሐላ በዚያ ዕድሜ ቀላል ነው።

የበድሪ ሚስት ሃሲቤ የሞተችው በአርባ አንደኛው ዓመታችን፣ በጸደይ ነው፤ አላህ ይዘንላት። ልጁ ሙዓላ ቡርሳ ከተማ ትኖራለች፤ ባሏም ሥራዋም እዚያ ነው። በድሪ ብቻውን ቀረ። ጧት ግቢው ሳይከፈት መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ማታ የመጨረሻው ሰው ሳይሄድ አይነሳም። ምግብ የሚበላው ሱቅ ውስጥ ብቻ ነበር። መናገሩንም ተወው። ቧንቧ ሠራተኛ የሚለኝ ጠፋ። ያን በጋ በሙሉ ከምድጃው ወገን የምሰማው የቢላውን ድምፅ ብቻ ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት ወር አንድ ፒፓ ሰጠኝ። ጥምጥም ያሰረ ሽማግሌ ነው፤ ጢሙ ነፋስ የሚያነቃንቀው ይመስላል። ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ብርሃኑ መኻል ላይ አልነበረም። ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። አንገቱ ባንድ ወገን የጣት ያህል ውፍረት አለው፤ በሌላው ወገን የጥፍር ያህል። ጥርስ ባወጣለት ይፈርሳል።

አውርጄ አበስኩትና እንደገና አነሳሁት። ያው ነው።

«ምን ታፈጣለህ?» አለ በድሪ ከምድጃው ወገን። «እዚያ ውስጥ ሴት አለች እንዴ?»

ወራት ሙሉ ዝም ያለ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ።

«አለች» አልኩት።

«ቆንጆ ናት?»

«ላንተ አትሆንም። ቁመቷ አጭር ነው።»

ሳቀ። ሃሲቤ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያን ቀን ነው የሰማሁት። እያሳለው ሳቀ፤ ቢላውን አስቀምጦ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ፒፓውን ሞርሳው አጠገብ አኖርኩት። ለዛሬ ይሳቅ፤ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

በዙሁር፣ በቀትሩ ሶላት ሰዓት፣ በድሪ ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ሱቅ ውስጥ ነው የምሰግደው። ሰግጄ ስነሳ ጠማማው አንገት ፊት ለፊቴ ነበር። ከደረቅ ድንጋይ ቁራጭ ላይ በቶርኖ ትንሽ ዱላ አዞርኩ። በድንጋዩ ዱቄትና በማጣበቂያ ቀባሁት፤ ቀዳዳውን ወተፍኩት። በማግሥቱ፣ እንደገና በዙሁር ሰዓት፣ መኻሉን ይዤ በአዲስ ሰረሰርኩ። ጥርስ አወጣሁለት፣ አገዳውን ገጠምኩ። መስኮቱ ላይ ሳየው ብርሃኑ መኻል ላይ ነበር።

በድሪ ተቀብሎ አገላበጠው። «ቧንቧ ሠራተኛው ዛሬ ሠርቷል» አለ።

ውታፍ እንዲያው አይወተፍም። ውታፉ እርጥብ፣ አንገቱ ደረቅ ከሆነ ውታፉ ሲደርቅ ይጠብና ይላቀቃል። ውታፉ ደረቅ፣ አንገቱ እርጥብ ከሆነ አንገቱ ሲደርቅ ተጨምቆ ይሰነጠቃል። ሁለቱም እኩል መድረቅ አለባቸው። ከአንድ ድንጋይ ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ አደረግኩ። ሰው ለክፉ ሥራም ይጠነቀቃል።

ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ መጣ። ሦስተኛው ወዲያው ተከተለ። ከሚሰጠኝ ውስጥ ግማሹ ቀጥ ያለ ነው፤ ግማሹ ወደ ግራ ይሄዳል። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ወተፍኩ። የሳቀው ሳቅ እንዳይጠፋ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በግቢው ያሉት ወጣቶች አገዳ አይገጥሙም፤ ተሠርቶ የመጣ የፕላስቲክ ዘንግ ገፍተው ያስገባሉ። ጥርስ የሚያወጣ ገጣሚ የሚፈልግ ቀራጭ በድሪ ብቻ ነበር የቀረው። እሱ ቢላውን ቢሰቅል እኔም ሞረዴን እሰቅላለሁ። ይህንንም አስቤያለሁ።

አራተኛውን በወተፍኩ ሰሞን ሙዓላ ከቡርሳ መጣች። አባቷ ምድጃው ጋ ሆኖ ይቀርጻል። በምልክት ወደ ግቢው ጠራችኝና ከሾላው ዛፍ ሥር ቆምን። ባንዛመድም ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቴ ነው የምትለኝ።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባቴ ዓይኑ ደህና ነው?»

«ምን አየሽ?»

«ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል። ትናንት ደግሞ ከጎኑ ቆሜ ሳወራው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይመልስልኛል። ቡርሳ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ። አሁኑኑ ይዤው ልሂድ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«'ዓይኔ ቢደክም ቀድሞ የሚያውቀው ሥራዬ ነው፤ ሥራዬን ደግሞ ቬህቢ ያየዋል። ቬህቢ ጠማማ ነው ካለ እሄድልሻለሁ' አለኝ።» ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እንግዲህ እርስዎ ይንገሩኝ። ሥራው እንዴት ነው?»

ቅጠሉ ትከሻዋ ላይ እየረገፈ ነበር። አላራገፈችውም። መልሴን ትጠብቃለች።

«ሥራው ቀጥ ያለ ነው» አልኩ።

«እውነት?»

«ሻይ ማፍሰስ የብቸኝነት ነው፤ ሐሳብ ነው። ሥራው ቀጥ ያለ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እጄን ስማ ግንባሯ ላይ አደረገች። «አላህ ይስጥልኝ፣ አጎቴ። ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርኩት።» በማግሥቱ ወደ ቡርሳ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ አምስት ውታፍ ወተፍኩ።

በረዶው ሲወርድ፣ አንድ ጧት በድሪ የሱቁን የብረት በር ክንፍ ሳያየው ገባበት። ግማሽ የተከፈተ በር ነው፤ ከራሱ በላይ የሚደርስ ብረት። ቅንድቡ ተተረተረ። ቁስሉን በሽርጤ ስጫንለት «ማን ነው እዚህ ያቆመው?» ይል ነበር። በሩ ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚቆመው።

ሙዓላ መጥታ ወደ ሐኪም ወሰደችው። ወደ ሱቅ የተመለሰው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ገባ፤ ወንበሩን ፈለገ፣ ተቀመጠ።

«ቬህቢ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«ቀኙ ሞቷል። ቆይቷል አሉ ከሞተ። የዓይን ግፊት ነው፤ አያምም፣ ድምፅ የለውም፣ እንደ ሌባ ነው የሚገባው አለኝ ሐኪሙ። ግራው በአንገት ቀዳዳ እንደማየት ሆኗል። አፍንጫህን አየዋለሁ፤ ጆሮህን አላየውም።» ትንሽ ፈገግ አለ። «ብዙም አልቀረብኝም ማለት ነው።»

«ይድናል?»

«የሄደው አይመለስም። የቀረውንም ጠብታ እየጨመሩ ትንሽ ያቆዩታል እንጂ። ቅጠል ሲረግፍ ብትመጣ ኖሮ ግራውን በሙሉ አተርፍልህ ነበር አለኝ።» ጉልበቱን በመዳፉ አሻሸ። «ሐኪም ምን ያውቃል። ቅጠል ሲረግፍ ምንም አልነበረኝም። እጄ ቀጥ ያለ ነበር። አንተ አይተሃል። ለሙዓላም ይህንኑ ነው የምነግራት፤ እንዳትጸጸት። በድንገት ነው የመጣው፣ ቬህቢ እስከ መጨረሻው ቀን ሥራዬን አይቷል አልኳት።»

ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ይፈላ ነበር። አፌን ስከፍት መጀመሪያ የመጣልኝ ሻይ ልቅዳልህ የሚል ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሰሙ ሸፍኖታል። እሱም ቀጥ ባለ እጅ ሥራውን የጨረሰ ሰው ሆኖ ቡርሳ፣ ልጁ ቤት ይገባል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ።

«በድሪ፣ ቀጥ ያለ አልነበረም።»

«ምኑ?»

«እጅህ። ቅጠል ሲረግፍ ጀምሮ ቀዳዳው ወደ ግራ ይሄድ ነበር። አንተ ለሶላት ስትሄድ እየወተፍኩ በአዲስ ሰረሰርኩት።»

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። አፍንጫዬን ነው የሚያየው ብዬ አሰብኩ።

«ስንት?»

«ዘጠኝ።»

«እዚህ ያለ አለ?»

አንድ ነበር፤ ገና ሰም ውስጥ ያልገባ። አገዳውን ፈትቼ ሰጠሁት። የአውራ ጣቱን ጥፍር አንገቱ ውስጥ አስገብቶ ቀስ እያለ አዞረው። እንደገና አዞረው።

«የት ጋ ነው?»

ጣቱን ይዤ መጋጠሚያው ላይ አኖርኩት። «እዚህ።»

«አላገኘሁትም።»

«በጣት አይገኝም።»

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ።

ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሥራዬ ተመስግኖ እንዲያ አላቃጠለኝም።

ፒፓውን ጭኑ ላይ አኖረው። ግቢው ውስጥ አንዱ ብርጭቆ ሲያጥብ ይሰማ ነበር።

«ሃሊም ኡስታን ሳቁበት» አለ በመጨረሻ። «እሱ ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን እያየ ሄደ።»

«አሳዘንከኝ፣ በድሪ። መሳቅ ጀምረህ ነበር።»

«አዝነህልኝ ነው?»

«ለራሴም ነው። አንተ ከሌለህ ለማን አገዳ እገጥማለሁ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ይሄኛው ይሻላል። በዚህኛው ላምንህ እችላለሁ።» ቀጥሎ «ዳቦ ስመህ ማልክልኝ» አለ።

«ማልኩልህ።»

«ሙዓላስ? ጠየቀችህ?»

«ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ሥራው ቀጥ ያለ ነው አልኳት።»

እስከዚያ ድረስ ድምፁን ከፍ አላደረገም ነበር። አሁንም አላደረገም፤ ግን ተነሳ። የምድጃውን ጠርዝ ይዞ ቆመ።

«እኔን የዋሸኸኝን እንተወው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ራሴም አውቄ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳውን አሾልቄ ማየት ያቆምኩት ለምን ይመስልሃል? ልጅቷ ግን ከቡርሳ ድረስ መጥታ ባንደበቷ ጠየቀችህ። ባንተ ቃል ትታኝ ሄደች። እኔ አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ።»

«እነግራታለሁ።»

«አትማልልኝ» አለ። «ዝም ብለህ ንገራት።» ከዚያ ፒፓውን አቀበለኝ። «ስሜንም ፋቅ። ከዘጠኙም።»

በድሪ ስሙን የሚጽፈው ከአንገቱ ሥር ነው፤ በመርፌ፣ ከሩዝ ፍሬ ባልበለጠ ፊደል። ነጋዴው ጋ ሄድኩ። አራቱ ገና መደርደሪያው ላይ ነበሩ። የተወተፉ ናቸው፤ መልስልኝ፣ በሌላ ሥራ እተካልሃለሁ አልኩት።

«ኡስታ ቬህቢ፣ አመመህ?» አለኝ። አንዱን አንስቶ በመብራቱ አገላበጠው። «እኔ የማላየውን ጀርመኑ ገዢ በምን ሊያየው ነው? ተወው፣ ይሸጥ።»

«መልስልኝ» አልኩ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ወደ ሌላው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አለው። ምን እንዳለው ሰምቻለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። አራቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ሌሎቹ አራቱ ባሕር ተሻግረዋል፤ አሁንም የሆነ ሰው አፍ ላይ ናቸው። በእጃችን ካሉት ከአምስቱ ላይ ስሙን በብርጭቆ ወረቀት አጠፋሁ። በአርባ አንድ ዓመት በድሪ በቀረጸው ላይ ስለት ይሁን ወረቀት ሳሳርፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ዱቄቱ ሽርጤ ላይ ወደቀ። ሲያልቅ አራግፌው ተነሳሁ።

ሙዓላን ቤታቸው አገኘኋት። ማዕድ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ የእናቷን ሳህኖች በጋዜጣ ትጠቀልላለች፤ በማግሥቱ አባቷን ይዛ ልትሄድ ነው። በድሪ በወዲያኛው ክፍል ራዲዮ ከፍቷል።

«ይቀመጡ፣ አጎቴ።»

«ቆሜ ልናገር።»

ነገርኳት። ከመጀመሪያው አንገት ጀምሬ እስከ ዘጠነኛው፤ ከሾላው ሥር የቆምን ጊዜ አራቱን ወትፌ እንደነበር ጭምር። ሳህን በእጇ ይዛ ሰማችኝ። ስጨርስ ሳህኑን በጋዜጣው ላይ አስቀመጠችው፤ አልጠቀለለችውም።

«ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የነገሩኝ» አለች።

«አዎ።»

«እናቴ ምን ትል እንደነበር ያውቃሉ? 'ቬህቢ ጥቂት ነው የሚናገረው፤ የተናገረውን ግን መመዘን አያስፈልግም' ትል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቴ እጠይቅ ነበር። ሐኪም ዘንድ እየጎተትኩም እወስደው ነበር።» ሳህኑን ወደ ጎን ገፋችው። «እጅዎን ስሜ ሄድኩ።»

ይቅር በይኝ ለማለት ሄጄ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ያን መጠየቅ ሌላ ሸክም መጫን መሰለኝ።

«እኔ ምን ልበልዎት?» አለች። «እርግማን አላውቅም። አመሰግናለሁም አልልዎትም።» ተነስታ ጀርባዋን ሰጥታኝ እጇን ታጠበች። ከዚያ ሳትዞር «ነገ አውቶቡሱ በሁለት ሰዓት ነው» አለች። «እኔ ዕቃውን እይዛለሁ። እሱ ክንድ ይፈልጋል። የማያውቀውን ሰው ክንድ አይዝም። ይምጡ።»

በማግሥቱ ጧት በረዶው ቆሞ ነበር፤ መንገዱ ግን ያንሸራትታል። በድሪ ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው አውርዶ በራፉ ላይ ጠበቀኝ። ክንዴን ያዘ። ሙዓላ ሁለት ሻንጣ ይዛ ከኋላችን መጣች።

«አሁን ቁልቁለት ነው» እለዋለሁ።

«እሺ» ይልና እግሩን ገፋ አድርጎ ቁልቁለቱን ይፈትናል። ከዚያ ይራመዳል።

«እዚህ ድንጋዩ ወጣ ብሏል።»

«እሺ።» እንደገና በጫማው ጫፍ ይነካዋል።

መጀመሪያ በበረዶው ምክንያት መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ከሙዓላ ጋር ከቤት ወደ ታክሲ ሲሄዱ አይቼው ነበር፤ «ደረጃ» ስትለው እግሩን አንስቶ ዝም ብሎ ይረግጥ ነበር።

አውቶቡስ ተራው ላይ ሰው ይጋፋል። ሾፌሩ ሻንጣዎቹን ከሥር አስገባ። በድሪን ወደ በሩ አቀረብኩት።

«ቧንቧ ሠራተኛው» አለ ቀስ ብሎ። «ቶርኖውን ምን ታደርገዋለህ?»

«ይቀመጣል።»

«ዘይት ቀባው። እንዳይዝግ።»

«እቀባዋለሁ።»

«ስንት ደረጃ ነው?»

«ሦስት።»

አንዱን ወጣ። ሁለተኛውን ወጣ። ሦስተኛውን ወጣ። ከኋላው ሆኜ ደግፌዋለሁ። ሙዓላ ከታች ቆማ ታየናለች።

«አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ።»

እግሩን አነሳ። በባዶው አየር ላይ አራተኛ ደረጃ ፈለገ፤ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ጎን ዳበሰ። ሲያጣ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ክንዴን ለቀቀና የመጀመሪያውን ወንበር ጀርባ ያዘ።